የድሬዳዋን የዕቃ ፉርጎ በ1፡50 መሥራት፣ ማስጌጥና መቀባት

የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር የሚሄደው በ1 ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነበር። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው የባቡር ሞዴልም አብዛኛው የተሠራው ለዚሁ ስፋት ነው። የአሮጌውን ፉርጎ አካል ሠርታችሁ በዚያ ጎማ ላይ ብትጭኑት መልኩ ይጠፋል። የዚያ ባቡር ውበቱ ሰፊ አካል በጠባብ ሐዲድ ላይ መቀመጡ ነውና ይህን ጠባብነት የሚጠብቅ መጠን ምረጡ።

በሌላው ዓለም የተለመደው 1፡87 ነው፣ ሞዴሉ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው፤ በዚህ ልክ የ1 ሜትር ሐዲድ 12 ሚሊ ይሆናል፣ ጎማውም ተሠርቶ ይሸጣል። እዚህ በእጁ ለሚሠራ ግን 1፡50 ይሻላል። 1 ሜትር 2 ሴንቲ ይሆናል፣ ሐዲዱ ልክ 20 ሚሊ፤ ሂሳቡ በቃል ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩት የተሸፈነ የዕቃ ፉርጎ ይሁን። የመንገደኛ ፉርጎ መስኮቱ ብዙ ስለሆነ ትዕግሥት ይፈጃል።

ልክ የሚወሰደው ከእውነተኛው ፉርጎ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ያለው አሮጌው ለገሃር (ባቡር ጣቢያ) ግቢ ሄዳችሁ ጥበቃውን አስፈቅዱና ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ያለውን ቁመት፣ የበሩን ስፋት፣ በቋሚ ብረቶቹ መካከል ያለውን ርቀት መዝግቡ። ጎማው ለመለካት ካስቸገረ ዙሪያውን በሲባጎ ለክታችሁ ለ3.14 አካፍሉት። ፎቶ ስታነሡ ራቅ ብላችሁ ፊት ለፊት ቁሙ፤ ተጠግታችሁ ካነሣችሁት ጫፎቹ ይጣመማሉ። ከፉርጎው አጠገብ ነጭ ወረቀትና የተዘረጋ ሜትር ይኑር፤ አንዱ ለቀለም፣ ሌላው ለልክ ይረዳል። የድሬዳዋ ፀሐይ ቀለም ስለምታነጣ ትክክለኛውን ቀለም ከተንሸራታቹ በር ጀርባ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ፈልጉት። የትኛውን ዘመን እንደምትሠሩም ቀድማችሁ ወስኑ። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ የፈረንሳይ–ኢትዮጵያ የነበረው ኩባንያ የጅቡቲ–ኢትዮጵያ የሆነው ደግሞ በ1981 ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ የሚጻፈው ስም ከዘመኑ ጋር መግጠም አለበት።

ለምሳሌ የለካችሁት ፉርጎ 9 ሜትር በ2.5 ሜትር ቢሆን ሞዴሉ 180 በ50 ሚሊ ይሆናል። ግድግዳውን ከ1 ሚሊ ደረቅ ካርቶን፣ ወለሉን ከ3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሥሩት። የጎን ግድግዳዎቹ 180 ሚሊ ይረዝማሉ፤ የፊትና የኋላዎቹ በመካከላቸው ስለሚገቡ 48 ሚሊ ይሆናሉ፤ ወለሉ 178 በ48። የካርቶኑን ውፍረት መቀነስ ከተረሳ ፉርጎው 2 ሚሊ ይወፍራል፣ በእውነተኛው ሲታሰብ 10 ሴንቲ ማለት ነው።

ካርቶኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ጣውላውንና የብረት ቡሎኑን አውጡበት። የ15 ሴንቲ ጣውላ 3 ሚሊ ይሆናል፤ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በብረት ማስመሪያ እየተመራችሁ ተጭናችሁ አስምሩ። የቡሎን ራስ የሚወጣው ካርቶኑን ገልብጦ፣ ከሥሩ የድሮ ካላማዳሪ ቁራጭ አድርጎ፣ ጫፉ በደነዘዘ ሚስማር ቀስ ብሎ በመጫን ነው። አንዱ ከሌላው እኩል ካልራቀ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ስለዚህ ማስመሪያው ከቦታው አይነቃነቅ። ለወፍራም ካርቶን ይህ አይሠራም፤ ቡሎኑን በቀጭን ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ለጥፉት፣ ወይም በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ ኮላ አስቀምጡ።

ከዚያ ካርቶኑን በሁለቱም ፊት በአኳራጅ በቀጠነ ቫርኒሽ ቀቡ። አንድ ፊት ብቻ የተቀባ ካርቶን ሲደርቅ ይጎብጣል፤ ከሥራው ሁሉ ብዙ ፉርጎ የሚያበላሸው ይህ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ በሱፐር ግሉ አጠጥታችሁ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ብትፈገፍጉት እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል። ውስጡን በየ4 ሴንቲው በካርቶን ግድግዳ ከፋፍሉት፤ አለዚያ ጎኑ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

የጣሪያው ክብ የሚገኘው ሦስት ወረቀት በኮላ አጣብቆ ጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ በጨርቅ አስሮ በማሳደር ነው። ሲፈታ ትንሽ ስለሚዘረጋ ጠርሙሱ ከምትፈልጉት ክብ ጠበብ ያለ ይሁን።

ለእጅ መያዣው ከኔትወርክ ገመድ የሚወጣው 0.5 ሚሊ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው፤ በ1፡50 የ25 ሚሊ ብረት ያህላል። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ሌላውን በፒንሳ ትንሽ እስኪሳብ ጎትቱት፤ ቀጥ ይላል። የመንገደኛ ፉርጎ ከሆነ ከሃይላንድ ጠርሙስ ይልቅ የሸሚዝ ማሸጊያ ፕላስቲክ ለመስኮት ይመቻል፣ ጠፍጣፋ ነውና። መስኮት ላይ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ጭሱ መስታወቱን ያነጣዋል።

ጎማውን ቶርኖ ቤት አስወጡት፤ ሥዕሉን በሚሊ ጻፉላቸው። በአንድ አክስል ላይ ያሉት የሁለቱ ጎማዎች ውስጠኛ ፊት 18 ሚሊ ይራራቅ፣ በሁሉም አክስል ላይ እኩል ይሁን። ሞዴሉ መሄድ ካለበት አንዱ ቦጊ (ከወለሉ ሥር ሆኖ አክስሎቹን የሚይዘው ክፍል) ወደ ግራና ቀኝ ብቻ እንዲዞር ጠበቅ፣ ሌላው እንዲወዛወዝም ላላ ተደርጎ ይታሰር። ሁለቱም ከጠበቁ ሐዲዱ ትንሽ ከጎበጠበት ጎማ ይነሣና ይወጣል። ወለሉ ላይ ከባድ ብረት አጣብቁ፤ ለ18 ሴንቲ ፉርጎ ጠቅላላ ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ቢሆን ይረጋል።

ቀለም የሚቀባው ማለዳ፣ ነፋስና ሙቀት ሳይነሣ ነው። እኩለ ቀን ላይ የተረጨ ስፕሬይ ፉርጎው ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ እየደረቀ አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል። መጀመሪያ ግራጫ የመሠረት ቀለም ስስ አድርጉ፤ ስንጥቅ ከታየ በስቱኮ ሙሉና ፈግፍጉ። ቀጥሎ ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ወፍራሙ ያን ሁሉ የደከማችሁበትን ቡሎን ይደፍነዋል። ናይትሮ ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ከገባ የታችኛው ይጨማደዳል፤ ናይትሮ ሁልጊዜ ከሥር ይሁን። ከትልቁ የቀዳችሁት ቀለም በትንሹ ላይ ስለሚጠቁር ጥቂት ነጭ ጨምሩበት።

በፊት የተቀባ የፕላስቲክ ፉርጎ እንደገና ለመቀባት ከሆነ መስኮቱን አውጡና ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ በጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ቲነርና አሴቶን ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጡታል። አልኮሉንም ቢሆን በማይታየው ሆዱ ላይ ሞክሩት። ከዚያ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡ፤ የእጅ ቅባት ከቀረ ቀለም አይይዝም።

ለአቧራው ቡናማና ግራጫ ጠመኔ ፈጭታችሁ በደረቅ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እያሳነሳችሁ አስይዙት። የደጅ አፈር በናይለን ቢነፋም እንኳ ጠጠሩ ለዚህ መጠን ይገዝፋል። በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሲረጭበት ጠመኔው ግማሹን ስለሚደበዝዝ ከምትፈልጉት ትንሽ አብዝታችሁ አስይዙት። ሐዲድ የሚነካው የጎማ ፊት ላይ ያረፈውን ቀለም በአኳራጅ ጥረጉት፤ ከቀረ ጎማው ይንገጫገጫል።