ከመርፌው በፊት ዶፕለር

የስድስት ልጆች እናት ናት። ይዛ የመጣችው የአልትራሳውንድ ወረቀት “ውኃ የቋጠረ ከረጢት” ይላል፤ ከጨጓራዋ ጀርባ፣ ከቆሽቷ ጫፍ አጠገብ፣ የሎሚ ያህል። ሬዚደንቱ በመርፌ ሊቀዳው ጓንቱን አጥልቆ ነበር። እጁን ይዤ ዶፕለሩን፣ የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን የአልትራሳውንድ ስልት፣ አስከፈትሁት፤ ቀይና ሰማያዊ ቀለም በክቡ ውስጥ ይሽከረከራል። ከረጢት ሳይሆን ወደ ጣፊያ ደም የሚወስደው ደም ቅዳ ተለጥጦ ያበጠ ነበር። መርፌው ቀድሞ ቢሆን ኖሮ እጃችን ላይ ታልፍ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር ክብ ነገር ስታገኙ፣ ደም እንደማይዘዋወርበት ሳታረጋግጡ አትውጉ።

የጣፊያ ደም ቅዳ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ሲቲ ስካን ይገኛል፤ አንዳንዴም ኤክስሬይ ላይ በግራ በኩል እንደ ነጭ ቀለበት ይታያል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። ደጋግሞ መውለድና ወደ ጉበት በሚገባው ደም መልስ ላይ የሚፈጠር ግፊት ያመጡታል። በአገራችን ለዚህ ግፊት አንዱ ምክንያት ከሐይቅና ከወንዝ ውኃ የሚይዘው የትል በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ ስለሆነ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ጣፊያው አብጦ ሲመጣ የጣፊያውን ደም ቅዳም እዩለት።

ቀጥሎ በቀለም ሲቲ ስካን ለኩት። ምልክት የሌለው 3 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ይታከማል፤ ከ2 ጀምሮ የሚያክሙም አሉ። ነፍሰ ጡር፣ ገና የምትወልድ ሴት፣ ሕመም ያለበት፣ ከቆሽት ብግነት ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ሐሰተኛ እብጠት (የደም ቅዳው ግድግዳ ተቀዶ ደሙ በዙሪያው የታቈረበት) ከሆነ ግን ልኬት አትጠብቁ። ሲፈነዳ ደሙ መጀመሪያ ከጨጓራ ጀርባ ባለው ኪስ ሊታቈር ይችላል፤ የደም ግፊቱ መለስ ይላል፣ ሐኪሙም እፎይ ይላል። ያን ጊዜ ነው መሮጥ፤ ኪሱ ሞልቶ ወደ ሆድ ሲፈስ ጊዜ አይሰጥም።

በደም ሥር ውስጥ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) የሚያስገባ ባለሙያ ካለ በኮይል (በተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ) ይድፈነው፤ መጀመሪያ ከእብጠቱ ማዶ በጣፊያው በኩል፣ ከዚያ ወዲህ። የወዲሁን ብቻ ከዘጋ ደሙ በጓሮ በር ዞሮ ይገባል። ሆድ ከተከፈተም ሕጉ ያው ነው፤ እብጠቱ የደም ቅዳው መካከል ላይ ከሆነ ግራና ቀኙን ቋጥሩ። ከቆሽት ጋር የተጣበቀውን ለመፈልቀቅ አትታገሉ፤ ደም ቅዳው ቢቋጠርም ጣፊያው ከጨጓራ በሚመጡ አጫጭር የደም ሥሮች ይኖራል።

የዚያች እናት እብጠት ግን የደም ሥሮቹ ወደ ጣፊያው በሚገቡበት በር ላይ ነበር፤ ጣፊያውን ከማውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረንም። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባቶችን ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ሳምንት በፊት ሰጠናት። ስትወጣ “ጣፊያ የለኝም፤ ትኩሳት ከያዘኝ ዛሬውኑ አክሙኝ፤ ወባም መርምሩኝ” የሚል ወረቀት ጻፍሁላት። አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።