ቡገንቪሊያና ሂቢስከስ፦ በአንድ ግቢ ሲተከሉ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ችግኝ ሻጮች ሁለቱን ጎን ለጎን ደርድረው ስለሚሸጧቸው ብዙ ሰው አብሮ ገዝቶ፣ አብሮ ተክሎ፣ ከአንድ ባልዲ ያጠጣቸዋል። ዓመት ሳይሞላ ቡገንቪሊያው ቅጠል ብቻ ይሆናል፤ ሂቢስከሱ ደግሞ እምቡጡን እያረገፈ ባለቤቱን ያበሳጫል። ሁለቱም ሙቀትና ፀሐይ ይወዳሉ፤ ፀባያቸው ግን የተለያየ ነው። ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በስሙ የሚጠራበት ፈረንሳዊው የባሕር መኮንን ቡገንቪል ዓለምን ሲዞር፣ አብረውት የተጓዙት ዕፅዋት ሰብሳቢዎች በ1760ዎቹ በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ አካባቢ አግኝተውታል። ደረቅ ወራትን በትዕግሥት ያልፋል። የማሌዢያ ብሔራዊ አበባ የሆነው ሂቢስከስ ግን ሙቀትና እርጥበት በማይለየው አገር የሚደላው ተክል ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

እኩል ማጠጣት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቡገንቪሊያ ሥር ከሰደደ በኋላ መጠማት አለበት። አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ጠውለግ ማለት ሲጀምር፣ ተክሉ መርዘሙን ገታ አድርጎ ወደ ማበብ ያዘነብላል። ድሬዳዋ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቡገንቪሊያ አጥር ሙሉ ሲያብብ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየማለዳው ውሃ የሚጠጣው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው በአንድ በኩል ለዚህ ነው። ተክሉን መንከባከብ ማለት ውሃ መስጠት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል፤ ቡገንቪሊያን በፍቅር የሚገድለውም እሱ ነው።

ሂቢስከስ ጥምን አይችልም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፉኛ ከጠወለገ፣ ማታ ሲያጠጡት ቅጠሉ ቀና ይላል፤ ለመፈንዳት የተቃረቡት እምቡጦች ግን በቀጣዮቹ ቀናት ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። በማሰሮ የተተከለ ሂቢስከስ በበጋ ወራት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ውሃ ሊፈልግ ይችላል። መለኪያው ጣትዎ ነው። እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ይክተቱት፤ ለሂቢስከስ እዚያ ጥልቀት ላይ እርጥበት ሊኖር ይገባል፤ ለቡገንቪሊያ እዚያ ድረስ ካልደረቀ ውሃ አይጨመርም። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ በጀሪካን የተጠራቀመውን ለሂቢስከሱ ይስጡ፤ ቡገንቪሊያው ቀጣዩን ፈረቃ ቢጠብቅ ቅር አይለውም።

ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል

ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ የተቆፈረው ጉድጓድም የተቀበረ ገንዳ ይሆናል። የቡገንቪሊያ ሥር እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። ሂቢስከስም እርጥበት ይወዳል ማለት ረግረግ ይወዳል ማለት አይደለም። አሸዋና ብስባሽ የተቀላቀለበት አፈር ከመሬቱ ከፍ አድርገው ይከምሩና ጉብታው ላይ ይትከሉ። በማሰሮ ያሉትን ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ከሥራቸው ያለውን ሳህን ያንሱላቸው።

የችግኙን አፈር ማራገፍ

የቡገንቪሊያ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ጥቁሩን የፕላስቲክ ከረጢት ከላይ ይዞ መጎተት ወይም አፈሩን አራግፎ መትከል ተክሉን ለወራት ያደነዝዘዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ያደርቀዋል። መጀመሪያ የከረጢቱን ታች ዙሪያውን በምላጭ ይቁረጡ። ችግኙን ከነከረጢቱ ጉድጓዱ ውስጥ ያስቀምጡ። ከዚያም ጎኑን ከታች ወደ ላይ ቀደው፣ በአንድ እጅ አፈሩን ደገፍ አድርገው ፕላስቲኩን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ክፍተቱን በአፈር ይሙሉ፤ አንድ ጊዜ አጥግበው ያጠጡ። ሂቢስከስ በዚህ በኩል ቻይ ነው። ሥሩ ከረጢቱን ተከትሎ ዙሪያውን ከተጠመጠመ እንዲያውም በጣት ፈታ ፈታ ማድረግ ይጠቅመዋል።

የማሰሮውም መጠን ይለያያል። ቡገንቪሊያ ጠበብ ባለ ማሰሮ የተሻለ ያብባል፤ ሂቢስከስ ሰፋ ያለ ይፈልጋል።

ሳሎን ውስጥ አበባ መጠበቅ

ቡገንቪሊያ በቀን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ አያብብም። የሳሎን ተክል አይደለም፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኛል። ሂቢስከስ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይኖራል፤ አበባው ግን ያንሳል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ፀሐይ በረንዳውን ስንት ሰዓት እንደምትመታው አንድ ቀን ይከታተል። ከግማሽ ቀን በታች ከሆነ ሁለቱንም ትቶ ጥላ የሚወድ ቅጠላማ ተክል ቢገዛ ይሻለዋል።

ዩሪያ መበተን

ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። አላብብ ላለው ቡገንቪሊያ ዩሪያ የሚጨምር ሰው ችግሩን እያባባሰ ነው። ሂቢስከስ ምግብ ይወዳል፤ የሚስማማው ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ፖታሲየሙ በርከት ፎስፈረሱ አነስ ያለው ነው። ስለዚህ ለእህል የምናውቀው ዳፕ፣ 46 በመቶ ፎስፌት ያለበት፣ ለእሱ አይሆንም። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ለሁለቱም ይስማማል፤ ለቡገንቪሊያ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል። አመድ ፖታሲየም አለው ተብሎ በብዛት መነስነሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሁለቱም አሲዳማነት ያዘነበለ አፈር ይወዳሉ፤ አመድ ያንን አሲዳማነት ይቀንሳል። በዚህን ጊዜ ተክሉ ብረት መውሰድ ይሳነውና የለጋ ቅጠሎቹ ደም ሥር አረንጓዴ እንደሆነ መሐሉ ቢጫ ይሆናል።

አበባውን በአንድ ሚዛን መመዘን

«ሂቢስከሴ ታመመ፤ አበባው በማግሥቱ ይረግፋል» የሚል ቅሬታ ደጋግሜ እሰማለሁ። አልታመመም። የአብዛኞቹ ዝርያዎች አበባ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ያበቃለታል፤ ጤነኛ ተክል በየቀኑ አዲስ እየከፈተ ይተካዋል። ከቡገንቪሊያ ጋር ማነጻጸሩ ነው ሰውን የሚያሳስተው። የቡገንቪሊያው ሐምራዊ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነገር አበባ ሳይሆን ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። ቀረብ ብለው ቢያዩት፣ በሦስቱ ቀለማም ቅጠሎች መሐል ሦስት ቀጫጭን፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ቱቦዎች አሉ፤ እውነተኞቹ አበቦች እነሱ ናቸው። ቀለሙ ለሳምንታት የሚቆየውም ቅጠል ስለሆነ ነው።

መቀስ መፍራት፣ ወይም ያለጊዜው ማንሳት

ሁለቱም የሚያብቡት በአዲስ እድገት ላይ ስለሆነ ያልተገረዘ ተክል ከታች ግንድ፣ ከላይ ጥቂት አበባ ይሆናል። ቡገንቪሊያ አንዱን ዙር አብቦ እንደጨረሰ ይገረዛል። ሂቢስከስ ቅዝቃዜው ሲያልፍ፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ ቢገረዝ ጥሩ ነው፤ ጥቅምት ላይ የገረዘው ሰው ለጋውን ቡቃያ ለኅዳር ውርጭ ያቀርባል።

ቡገንቪሊያ ራሱ ይወጣል ብሎ መተው

ቡገንቪሊያ ግድግዳ የሚጨብጥበት ጅማት የለውም፤ በእሾሁ እየተደገፈ ነው የሚንጠላጠለው። ሽቦ ዘርግተው በየጊዜው ካላሰሩት በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይከመራል። በር አጠገብ፣ ልጆች በሚጫወቱበት ወይም ወደ ውሃ ታንከሩ በሚያልፉበት መንገድ ላይ አይትከሉት። እሾሁ ልብስ አልፎ ሥጋ ይወጋል። ለእነዚህ ቦታዎች እሾህ የሌለው ሂቢስከስ ይሻላል፤ እየተከረከመም ጥሩ አጥር ይወጣዋል።

የከፍታውን ብርድ መዘንጋት

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ የሚያምረው ሂቢስከስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ እንደዚያው እንዲሆን መጠበቅ አይገባም። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ከነካው ጫፎቹ ይጠቁራሉ። የከሰዓት ፀሐይ የሚያሞቀው ግድግዳ ሥር ቢተከል ብርዱን ይችላል። ሥር የሰደደ ቡገንቪሊያ ቀላል ውርጭን ቅጠሉን አርግፎ ያልፈዋል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለቱንም የክረምቱ ብርድ ከመግባቱ በፊት ወደ ቤት ማስገባት አለባቸው። እዚያ ሂቢስከስ በሚል ስም ውጭ የሚከርመውም ዘመዱ ይሸጣል። የሞቃታማው ቅጠል ጥቁር አረንጓዴና አንጸባራቂ ነው፤ የብርድ አገሩ ቅጠል ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሳይለዩ መግዛት ተክሉን ያሳጣል። ዱባይ ወይም ሪያድ ላሉት ጭንቀቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቡገንቪሊያው ፀሐዩን ይችለዋል፣ ሂቢስከሱ ግን የከሰዓት ጥላ ይፈልጋል።

የጓሮውን ሂቢስከስ ከርከዴ ማድረግ

ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ከርከዴ የሚፈላው ከሌላ ዝርያ ነው፤ ያውም ከአበባው ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ ከሚወፍረው ቀይ ሽፋን። ለጌጥ የተገዛ ተክል ደግሞ ክሽክሽ እንዳይወረው መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ አበባውን ቆርጦ ሻይ ማፍላት አያስፈልግም። ከርከዴው ከገበያ ይገዛ።