ከጥለት ብጣሽ የሚወጣ የገና ስጦታ

የኔ ሱቅ ማለት አንድ ሲንጀር፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጆንያ ነው። ጆንያው የብጣሽ ነው። የሀበሻ ልብስ ስለምሰፋ ከአንገት፣ ከብብት፣ ከእጅጌ የሚቆረጠው ሁሉ እዚያ ይገባል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውን ደንበኞቼ ከልባቸው ነው የሚወስዱት። ከኅዳር ጀምሮ ሥራው ይጎርፋል፣ ጆንያውም ያብጣል። ለዘመድና ለጎረቤት የገና ስጦታ የማወጣው ከዚያው ነው።

እናንተ ልብስ ሰፊ መሆን አይጠበቅባችሁም። ሲንጀርም አያስፈልግም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእጅ ይሰፋል። የሚገዛው መርፌ፣ ነጭ ክር፣ አንድ ሁለት ቀለም የጥልፍ ክርና አንድ ሜትር አቡጀዴ ነው። ሌላው ከብጣሽ ይሸፈናል።

ብጣሹን ከየት? ከሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ። ሽሮ ሜዳ ቅርብ ለሆነማ ምን ችግር አለ! ግን በጊዜ ሂዱ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ብትጠይቁ ጥሩ ነው። በበዓሉ ሳምንት ብትመጡ ቀና ብሎ የሚያያችሁ የለም። እኔም ጭምር። አብዛኛው ሰፊ ብጣሽን በነፃ ይሰጣል፤ ጥለት ያለውን ግን መርጦ የሚያስቀምጥ አለና ለሱ የሻይ ነገር ጣል ማድረግ ነው።

ጨርቁ እጃችሁ ሲገባ መስፋት አትጀምሩ። መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሽ ከሆነ እየቀለጠ ይሸሻል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጡ። ብልጭልጭ ያለው የጥለት ክር አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ጀበና ላይ ስንደርስ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ውሃ። ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል። ሳይታጠብ ከተሰፋ ስጦታው የሚጨማደደው የተቀበለው ሰው ቤት ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ ተኩሱት። ቀለም ያለውን፣ በተለይ ቀዩን፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ በካውያ ተጫኑት። ነጩ ላይ ቀለም ከተወ ከሚታጠብ ነገር ጋር አታገናኙት። አይጣልም፤ ለጌጥ ይሆናል።

አንድ ነገር ላይ ግትር ነኝ። ጠርዝ። በእጅ የተሠራ ስጦታን ርካሽ የሚያስመስለው ጨርቁ ብጣሽ መሆኑ አይደለም፤ ጠርዙ ሳይዘመዘም ክሩ ተንጨፍርሮ መታየቱ ነው። ተራ አቡጀዴ እንኳን ጠርዙ በወጉ ታጥፎ፣ ስፌቱ እኩል እኩል ሆኖ ሲተኮስ ክብር አለው። ጊዜ ካጠራችሁ ጥልፉን ቀንሱ እንጂ ጠርዙን አትዝለሉ።

ከሁሉ ቀድሜ የምመክረው ማቶት ነው። የጀበና ማስቀመጫ የማይፈልግ ቤት አላውቅም። አሠራሩ ይኸውላችሁ። ከተቻለ የምትሰጧትን ሴት ጀበና በክር ለኩ፤ ካልተቻለ የራሳችሁን። ክሩን ከጀበናው መቀመጫ ሁለት ጣት ከፍ ብላችሁ ዙሩበት። የማቶቱ ልክ የሚወሰደው ከዚያ ርዝመት ነው። አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ቅደዱና አጥብቃችሁ እየጠመዘዛችሁ ገመድ አድርጉት። ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ርዝመቱ ክሩ ላይ አራት ጣት የተጨመረበት ይሁን፤ ጭማሪው ለመደራረቢያ ነው። ከመደራረባችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች አሳሱ። ከዚያ ክብ አድርጋችሁ ጫፎቹን አደራርቡና ወፍራም ክር ደጋግማችሁ አሳልፉበት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጀበናው ሲቀመጥበት ሰመጥ ማለት አለበት፤ ግን ከታች ጠረጴዛውን መንካት የለበትም። ከነካ ቀለበቱ ሰፍቷል ወይም ቀጥኗል ማለት ነው። አሁኑኑ አስተካክሉት፤ ከተጠቀለለ በኋላ አይሆንም።

ለመጠቅለያ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጥጥ ብጣሽ ረጅም ረጅም አድርጋችሁ ቁረጡ። ሰያፍ እያደረጋችሁ፣ አንዱ ዙር የሌላውን ግማሽ እንዲሸፍን አድርጋችሁ ጠቅልሉ። እየሳባችሁ! የላላ ማቶት በሳምንቱ ይጠፈጠፋል። ለመጨረሻው ዙር ጠቆር ያለ ጨርቅ ምረጡ፤ ከከሰል ላይ የወረደ ጀበና ጥላሸት አለው፣ ነጭ ማቶት የሚያምረው እስከ መጀመሪያው ቡና ብቻ ነው። የጨርቁን መጨረሻ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከታች በኩል ስፉት።

ጥለቱ የሚመጣው አሁን ነው። የሚሰፋው በውጭው ጎን ዙሪያውን ብቻ ነው። ጀበናው የሚያርፍበት በላይና በውስጥ በኩል አይገባም። ቅድም በክብሪት የፈተንነው ለዚህ ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር የጋለ ሸክላ ሲነካው ይቀልጥና ይጣበቃል። ተቀባይዋም ጀበናውን ከማስቀመጧ በፊት ፍም አለመያዙን ታይ ዘንድ ስትሰጧት ንገሯት። ከጎኑ ለማንጠልጠያ የምትሆን ቀለበት ጨምሩበት። እህቴ ያለችው ዱባይ ነው። ጀበና በሻንጣ ልኬ እንዴት እንደደረሰ አልነግራችሁም። ማቶት ግን በልብስ መሀል ተወሽቆ እንደነበረ ይገባል፣ ኪሎም አይበላም።

ሁለተኛው የዳቦ ጨርቅ ነው። ድፎ ከወጣ በኋላ የሚሸፈንበት። አቡጀዴው 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ ማስመሪያ አትመኑ። ከምትቆርጡበት ቦታ አንድ ክር በመርፌ ጫፍ አንሱና ቀስ ብላችሁ ምዘዙት። ክሩ የወጣበት ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል። በሱ ላይ ቁረጡ። ፈትልም አቡጀዴም በዚህ ዘዴ አይጣመምም። ጠርዙን መጀመሪያ ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በላዩ አንድ ሳንቲ ሜትር እጠፉና ተኩሱት። ካውያው ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። ከዚያ በጥቃቅን ስፌት ዝምዝም። ጥለት የምታደርጉት በአንድ ጎን ብቻ። አራቱንም ጎን ጥለት ያለበሰ የዳቦ ጨርቅ አይቻለሁ፤ ዳቦውን ማየት አቃተኝ።

ስጦታውን የሰውየው የሚያደርገው ስሙ ነው። ስም ከመጥለፋችሁ በፊት በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ አጣሩ። ጸሐይ ናት ወይስ ፀሐይ? ሰናይት ወይስ ሠናይት? ኃይሉ በየትኛው «ሀ»? ሰው በስሙ ፊደል አይደራደርም። እኔ ቴሌግራም ላይ ስሟን እንዴት እንደጻፈች አያለሁ። በላቲን ከጻፈችው ልጆቿን እጠይቃለሁ። ልጆቿ ደግሞ ወዲያው ሄደው ይነግሯታል፤ እሱን ከረሜላ ይፈታዋል።

ስሙን ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ። ቁመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ካነሰ «ጨ» እና «ጬ» አይለዩም። ቀን ላይ ወረቀቱን መስኮት መስታወት ላይ ለጥፉ፣ ጨርቁን በላዩ ዘርጉ። ብርሃኑ ፊደሉን ያሳያችኋል። በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ ተከተሉት። የጥልፍ ክር ብዙውን ጊዜ 6 ቀጫጭን ክሮች ተጣምረው የሚሸጥ ነው። ሦስቱን ብቻ ለዩና በመርፌ አስገቡ። ስድስቱም ከሆነ ፊደሉ ያብጣል።

ስፌቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚሄደው ነው። መርፌዋ ከሥር ትወጣለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ትገባለች፣ ከሥር ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ ትወጣለች። እንደገና ወደ ኋላ። ከላይ የተያያዘ መስመር ይሆናል። አንዱ እርምጃ የገብስ ፍሬ ያህል ይሁን። የ«ፀ» ክብ ላይና የ«ሐ» እግሮች መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከዚያም ይነስ፤ ረጅም ስፌት ክቡን ማዕዘን ያደርገዋል። ክሩን አትቋጥሩ። ጫፉን ከጀርባ በተሰፋው ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ አሳልፋችሁ ቁረጡት። ቋጠሮ በካውያ ሲተኮስ ከፊት ይጎረብጣል። ከስሙ በታች «ገና 2018» ብላችሁ ዓመቱን ብትጨምሩ ደስ ይላል። የበለጠ ጽሑፍ አልወድም። «ከልብ ከሚወድሽና ከሚያከብርሽ» የሚለውን ኬኩ ላይ ይጻፉት።

ለወንድ ምን ይሰፋል ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። የጋቢ ከረጢት። ጋቢ በላስቲክ ፌስታል ሲቀመጥ ይታፈናል፣ በጥጥ ከረጢት ግን ይተነፍሳል። አቡጀዴውን አጥፋችሁ ሁለት ጎን መስፋት፣ አፉ ላይ ገመድ ማስገባት፣ ስም መጥለፍ፣ አለቀ።

ለልጅ የጨርቅ ኳስ። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ብጣሽ ጠቅጥቁ፣ አፉን ጠምዝዛችሁ ካልሲውን መልሳችሁ ገልብጡበት፣ እንደገና ጠምዝዙ፣ ካልሲው እስኪያልቅ። መጨረሻውን ስፉና የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከቀለማማ ጨርቅ ቆርጣችሁ ለጥፉበት፤ በኮላ ሳይሆን በስፌት። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም የጎረቤት መስታወት ሲሰበር የማይቆጣ ጌታ አላየሁም። ይህ ኳስ አይሰብርም።

ወደ ቤት ጌጡ እንምጣ። የገና ዛፍ ላይ ባዘቶ በትኖ በረዶ ነው ማለት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ በረዶ የሚጥለው በክረምት ነው፣ እሱም ጠጠር ነው። ባዘቶውን የኮከብ ሆድ ውስጥ ክተቱት።

ኮከብ ጀማሪን የሚያስቸግረው ወደ ውስጥ የሚገቡት ማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ እዚያ ጋ ጨርቁ ይሸበሸባል። እኔ አራት ማዕዘን ብቻ ነው የምቆርጠው። ለአንድ ኮከብ 9 ሳንቲ ሜትር በ9 የሆኑ አራት ብጣሾች። ሁለት ሁለቱን የውጭ ፊታቸውን አገናኝታችሁ ከጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ገብታችሁ ስፉ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉ። ማዕዘኖቹን ከስፌቱ ውጪ ሸርፉ፣ ገልብጡ፣ ባዘቶ በስሱ ሙሉና ክፍተቱን ዝጉ። ሁለት ትናንሽ ትራሶች ሆኑላችሁ። አንዱን በሌላው ላይ አዙራችሁ አስቀምጡ፤ የአንዱ ማዕዘን በሌላው ጎን መሀል ይውጣ። መሀሉን በመርፌ ወግታችሁ ከፊት ቁልፍ፣ ከኋላ ቁልፍ አድርጋችሁ ሳብ አድርጉና እሰሩ። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ ነው። አንዱ ፊት ጥለት፣ ሌላው ነጭ ሲሆን ያምራል። ለቤቱ ሰው ሁሉ አንዳንድ ሠርታችሁ ጫፉ ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብታደርጉ ልጆች የኔ ከላይ ይሰቀል እያሉ ይጣላሉ።

በግድግዳና በበር ላይ ለሚንጠለጠለው ደግሞ ቅድም ቀለም የለቀቀውን አውጡት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እስኪወፍር በእሳት አማስሉት። ሲበርድ ጨርቁን ሁለቱንም ፊት ቀቡት፣ ላስቲክ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ካርቶን ሲመስል ሦስት ማዕዘን እየቆረጣችሁ በገመድ ላይ ስፉት። ዱቄቱ ክሩን ስለሚይዝ ጠርዙ አይተረተርም። መዘምዘም የሚቀርበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው። አይታጠብም ታዲያ።

ገና በአብዛኛው ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይሆናልና አንዷ ቀን እንዳትጎድልባችሁ። ስጦታውን በብልጭልጭ ወረቀት አትጠቅልሉ። ማቶቱን በዳቦ ጨርቁ ጠቅልላችሁ በጥለት ቁራጭ እሰሩት፤ ስሙ ከላይ እንዲታይ አድርጉ። ትንሽ ወረቀት ላይ «ጨርቁ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው ይታጠብ» ብላችሁ ሸጉጡበት።

ጥምቀት ሲያልፍ ጌጡን ሰብስቡ። ኮከቦቹ ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። በዱቄት የደረቀውን ግን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ከረጢት ውስጥ ካገኘው አይጥ አይምርም።