የአኳሪየም አሸዋ ውሃ እንዳያደፈርስ እንዴት ይታጠባል?

የመጀመሪያ አኳሪየሜን፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳዬን፣ ውሃ የሞላሁት ደሴ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። አሸዋውን ሦስት ጊዜ አጥቤው ስለነበር ይበቃል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ውሃው የክረምት ቦርከና ወንዝን መስሏል። ከጀርባ የለጠፍኩት ሰማያዊ ወረቀት እንኳ አይታይም። ሁለት ጊዜ ደፍቼ እንደገና ብሞላውም ያው ሆነ። ውሃው መጥራት የጀመረው አስተጣጠቤን ስለውጥ ነው።

ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ አሸዋ ደሴ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። የግንባታ አሸዋ በደንብ ይሠራል። ቤት የሚያሠራ ጎረቤት ካላችሁ ግማሽ ጆንያ አይከለክላችሁም። ከየት እንደመጣ ግን ጠይቁ። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ስለሚያልፍ የከተማ ፍሳሽ ይገባበታል፤ ከከተማ በታች የተዛቀ አሸዋ አልወስድም። ከድንጋይ ወፍጮ የወጣውንም ተዉት። ጠርዙ ስለታም ነው፤ መሬት መሬት የሚሄዱ ዓሦችን ይቧጭራል።

60 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገንዳ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 11 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል። በማጣራትና በማጠብ ስለሚቀንስ 15 ኪሎ ያዙ።

ውሃ ከመንካታችሁ በፊት አሸዋውን ፀሐይ ላይ አድርቁና በዱቄት ወንፊት ንፉት። የምትጥሉት በወንፊቱ የሚያልፈውን ብናኝ ነው፤ ውሃውን የሚያደፈርሰው እሱ ነው። ደጅ ሆናችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ። ወንፊቱ ከዚህ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም። ወንፊቱ ላይ ከቀረው ጠጠሩን ልቀሙ፤ የቀረው አሸዋችሁ ነው።

አንድ ጭልፋ አሸዋ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ነው፤ ማዕድን እየለቀቀ ውሃውን ያከብደዋል። ጎልድፊሽ ይችለዋል። ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰው ውሃ ለሚወዱ ዓሦች ግን ሌላ አሸዋ ፈልጉ።

አሁን ወደ ማጠቡ። እኔ ባልዲውን እስከ አፉ በአሸዋ ሞልቼ፣ ከላይ ውሃ ጨምሬ አማስልና ውሃው እስኪጠራ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ከላይ የጠለለውን እደፋለሁ። አንድ ቀን እናቴ ቆማ አይታኝ፣ «ቡና የምታስከን ነው የምትመስለው። አተላው ሳይተኛ ድፋው እንጂ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጀበና ሲሰክን አተላው ከታች እንደሚተኛ ሁሉ፣ ጭቃውም ተመልሶ አሸዋው ላይ ይተኛል። እኔ ንጹሑን ውሃ እየደፋሁ ቆሻሻውን ሳስቀር ነበር።

ስለዚህ አሸዋው ከባልዲው ሩብ አይለፍ። ውሃ ጨምሩና እጃችሁን እስከ ባልዲው መቀመጫ አስገቡ። ከታች ወደ ላይ እየገለበጣችሁ በደንብ እሹት። ከዚያ እስከ አምስት ቁጠሩ። አሸዋ ከባድ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይዘቅጣል፤ ደለሉ ግን ገና እየተንሳፈፈ ነው። ያኔውኑ ድፉት። ትንሽ አሸዋ አብሮ ቢሄድ አይቆጫችሁ። እንዲህ እያላችሁ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ትደጋግሙታላችሁ። ይሰለቻል፤ ግን ማሳጠሪያ የለውም። የልብስ ሳሙናም ሆነ በረኪና በፍጹም አታስጠጉ።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ ማፍሰስ ያሳሳል። መላው ቀላል ነው፦ የአንዱ ዙር አሸዋ የመጨረሻ እጣቢ ንጹሕ ሊባል ስለሚችል፣ ለቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ይሁን። የክረምት የጣሪያ ውሃም ለዚህ ጥሩ ነው። ጭቃማውን ግቢ ውስጥ ድፉት፤ የእቃ ማጠቢያ ውስጥ ከገባ ቧንቧ ይደፍናል።

መጥራቱን ለማወቅ አንድ እፍኝ አሸዋ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበትና በኃይል ነቅንቁት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከጀርባው ያለ ጽሑፍ ከተነበበ ጨርሳችኋል። ካልተነበበ ወደ ባልዲው ተመለሱ።

ድንጋይ የምታስገቡ ከሆነ ከአሸዋው በፊት መስታወቱ ላይ አስቀምጡት፤ ጎልድፊሽ ሲቆፍር እንዳይወድቅ። አሸዋውን እርጥቡን አንጥፉ። ላዩ ላይ ሰሃን አድርጉና ውሃውን በጆግ ሰሃኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አስቀድማችሁ በሰፊ ሳፋ 24 ሰዓት አሳድሩት። ፊልተሩን፣ ውሃውን በፓምፕ እየሳበ የሚያጣራውን፣ እስከ ማግስቱ አታስነሱ። ረቂቅ አሸዋ የፓምፑን ሞተር ይበላዋል።

ውሃ ያጠራል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ አልወደውም። ጭቃውን አጣብቆ ወደ ታች ያወርደዋል እንጂ አያስወጣውም። ዓሣው ሲቆፍር ተመልሶ ይነሳል።

በደንብ አጥባችሁም ከጥቂት ቀን በኋላ ውሃው ነጣ ካለ፣ አብሽሩ፣ አሸዋው አይደለም። ደለል ወዲያው ነው የሚታየው፤ መልኩም የአፈር ነው። ይሄኛው ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እኔ ይህን ሳላውቅ ዓሣ አስገብቼ ነበር። ነጭ ሲሆንብኝ ውሃውን በሙሉ ደፋሁ፣ አሸዋውን እንደገና አጠብኩ። ሁለት ጎልድፊሾች ሞቱብኝ። እስካሁን ያሳዝነኛል። የዓሣውን ቆሻሻ መርዝነት የሚያበርዱት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ለመደላደል ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ እንደ ደሴ ባለ ብርድ ደግሞ ይዘገያሉ። እኔ በየጊዜው ከዜሮ አስጀምራቸው ነበር። ነጩን ተዉት፣ በራሱ ይጠራል። ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ።

የተረፈውን የታጠበ አሸዋ አድርቃችሁ አስቀምጡ። በየጊዜው ከሥር ያለውን ቆሻሻ በጎማ ስትስቡ ትንሽ አሸዋ አብሮ ይወጣል፤ መተኪያው እሱ ነው።