የካንሰር ሴል ለስላሳ ነው ከማለታችሁ በፊት

የካንሰር ሴል ከጤናማው እንደሚለሰልስ ያሳዩ ልኬቶች ብዙ ናቸው። በጣም ከሚታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ነው። ከታማሚዎች ሳንባ ዙሪያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ የተገኙት የተሰራጨ ካንሰር ሴሎች ከጤናማዎቹ ከ70 በመቶ በላይ ለስልሰው ተገኙ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጀማሪው መልሱን በኪሱ ይዞ ላብራቶሪ ይገባል። የወጣለት ቁጥር ከሚያውቀው ጋር ከገጠመ አይጠራጠርም። ካልገጠመ ግን ስህተቱን ሲፈልግ ያድራል።

የማወራው በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ስለሚሠራው ልኬትና በልኬቱ ላይ ስለሚፈጸሙ ስህተቶች ነው። ካንቲሊቨር የምንለው ቀጭን ስፕሪንግ ሴሉን ይጫናል። ስፕሪንጉ ምን ያህል እንደታጠፈና ሴሉ ምን ያህል እንደጎደጎደ ታይቶ ግትርነቱ ይሰላል። (እልኸኝነቱን ሳይሆን ሲጫኑት አልበገር ማለቱን ነው።)

ጤናማውን ሰኞ፣ ካንሰሩን ሐሙስ መለካት

ይሄን ሳይ ደሜ ይፈላል። ሰኞ ጤናማዎቹ ይለካሉ፣ ሐሙስ ካንሰሮቹ። በመሀል ካንቲሊቨሩ ተሰብሮ ተቀይሯል። ሰኞ በርቶ የነበረው ማሞቂያ ሐሙስ ተረስቷል። ሴሎቹ የተቀመጡበት ፈሳሽም ከሌላ ጠርሙስ ነው። ከዚያ ሁለት ዓምድ ይሳልና «ልዩነት አለ» ይባላል። አዎ አለ፣ በሰኞና በሐሙስ መካከል!

የምቆጣው ራሴም ስለሠራሁት ነው። የመጀመሪያው ግራፌ ላይ የካንሰሩ ሴል ሦስት እጥፍ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ጮቤ ረገጥኩ። አንድ ባልደረባዬ ግራፉን አየት አደረገና «ካንቲሊቨሩ ያው ነው?» አለኝ። አልነበረም። ይባስ ብሎ ለሁለቱም የስፕሪንጉን ጥንካሬ ሳጥኑ ላይ ከታተመው ቁጥር ነበር የወሰድኩት። የሳጥኑ ቁጥር ግምት ነው። ትክክለኛው የዚያ እጥፍ ወይም ግማሹ ሊሆን ይችላል። በሙቀት ንዝረት ካሊብሬት አድርጌ (ስፕሪንጉ በሙቀት ሲንቀጠቀጥ ለክቼ የራሱን ጥንካሬ አግኝቼ) እንደገና ሳሰላው ሦስት እጥፉ ወደ አንድ ተኩል ወረደ።

አሁን ሴሎቹ የሚያድጉባቸውን ሁለቱንም ሳህን በአንድ ቀን፣ በአንድ ካንቲሊቨር፣ እያፈራረቅኩ ነው የምለካው። ጤናማ፣ ካንሰር፣ ጤናማ። የመጨረሻው ጤናማ ከመጀመሪያው ጋር ካልተቀራረበ የዚያን ቀን ዳታ እጥለዋለሁ። ያማል፣ ግን እጥለዋለሁ።

ራዲየስ በሚጠየቅበት ዳያሜትር መጻፍ

አትሳቁ። ጫፉ ላይ ክብ ዶቃ ያለው ካንቲሊቨር ስትጠቀሙ ሶፍትዌሩ ራዲየስ ይጠይቃችኋል፣ የዶቃው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደግሞ ዳያሜትር ነው። ግትርነት በሚሰላበት በኸርዝ ቀመር ውጤቱ ለራዲየሱ ስኩዌር ሩት ስለሚካፈል ውጤታችሁ በ29 በመቶ ገደማ ያንሳል። አንዱን ቡድን በትክክል፣ ሌላውን በስህተት ካሰላችሁ አዲስ ግኝት «አገኛችሁ» ማለት ነው።

እስከ መስታወቱ መጫን

በጠርዙ በኩል የሴሉ ውፍረት ከአንድ ማይክሮሜትር ሊያንስ ይችላል። ከሥሩ ያለው መስታወት ደግሞ ከሴሉ በሚሊዮኖች እጥፍ የጠነከረ ነው። ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ካለፋችሁ መስታወቱም ልኬቱ ውስጥ ይገባል። ተዘርግቶ የተኛው ሴል ቀጭን ነው፣ የተድበለበለው ወፍራም ነው። ስለዚህ የቅርጽ ልዩነት የግትርነት ልዩነት መስሎ ይወጣል። ኒውክለሱ አካባቢ ለኩ፣ ሁልጊዜም እዚያው።

ፍጥነትን መቀያየር

ሴል በፍጥነት ሲጫኑት ይጠነክራል። አንድ ፍጥነት ምረጡና አትንኩት።

ጎረቤትን መርሳት

ጤናማዎቹ የጡት ሴሎች ተቃቅፈው ማደግ ይወዳሉ። ካንሰሮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተበታትነው ይገኛሉ። መሀል ላይ ታቅፎ ያለን ሴል ብቻውን ከቆመ ሴል ጋር ማወዳደር ሰፈርን ከሰፈር ማወዳደር ነው። ብቸኛን ከብቸኛ፣ የታቀፈን ከታቀፈ ጋር አወዳድሩ።

አንድን ሴል ስልሳ አራት ጊዜ መቁጠር

በ20 ሴሎች ላይ 64፣ 64 ጊዜ ከተጫናችሁ 1280 ግራፍ አላችሁ። 1280 ሴል ግን የላችሁም። ያላችሁ 20 ነው። ሃያዎቹም ከአንድ ሳህን ከሆኑ ሙከራው አንድ ነው። አንድ ልጅ በዚህ ከእኔ ጋር ሲከራከር ዋለ። በማግስቱ አዲስ ሳህን አዘጋጅቶ ለካ። የሁለቱ ቀን ጤናማ ሴሎች እርስ በርሳቸው «በጣም ይለያያሉ» የሚል ውጤት ወጣለት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ሳህኑን ውጭ ማቆየት

ከኢንኩቤተሩ ወጥቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጣ ፈሳሽ ቀይነቱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ያንን ካያችሁ ሴሎቹ ተጨንቀዋል። ሄፔስ (የፈሳሹን አሲድነት እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ንጥረ ነገር) ጨምሩበት፣ ሙቀቱንም 37 ዲግሪ ላይ ያዙት።

ቁጥርን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር መለካካት

እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት ኤምሲኤፍ 7 የሚባሉት የጡት ካንሰር ሴሎች በተለያዩ ዘዴዎች ሲለኩ የግትርነታቸው ቁጥር እስከ 1000 እጥፍ ተለያየ። ሴሎቹ እነዚያው ናቸው! «የእኔ 2 ኪሎ ፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ነው፣ የእነሱ 0.5» ብላችሁ አትደንግጡ፣ ደስም አይበላችሁ። በተረፈ «እብጠቱ ሲዳሰስ ደረቅ አይደል እንዴ?» ለሚሏችሁ፣ የሚደርቀው በሴሎቹ ዙሪያ ያለው ኮላጅን የበዛበት ድር ነው።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ መጣች። ሳህኖቹ ላይ «ሀ» እና «ለ» ብቻ ጽፌ ሰጠኋት፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አልነገርኳትም። ሦስት ሳምንት ለካች። በመጨረሻ «ለ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግን ብዙም አይደለም፣ የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን?» አለችኝ። «ለ» ካንሰሩ ነበር።