የጨው ውሃ አኳሪየም አሸዋና ድንጋይ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሀዋሳ ላይ አኳሪየም ያማረው ሰው አሸዋና ድንጋይ ሲያስብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ሐይቁ ዳር ነው። ቅርብ ነው፣ በነጻ ነው፣ ደግሞም ያምራል። ለጨው ውሃ ግን ግማሹ ጣጣ የሚጀምረው እዚያው ነው። ሌላው ግማሽ የሚመጣው ደግሞ ከአደራደር ነው፦ ምን ቀድሞ ገባ፣ ምን ተከተለ። ስለዚህ ከታች ካሉት ችግሮች አንዱ ሲገጥማችሁ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን መርምሩ።

«ውሃው አልጠራ አለ»

አሸዋ በገባ ማግስት ቢደፈርስ አትደንግጡ፤ ብናኝ ነው፣ ይሰክናል። ቀናት አልፈውም ካልጠራ አሸዋው በደንብ አልታጠበም። ደረቅ አሸዋ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ባልዲ ውስጥ በእጅ ይታሻል፤ የሚደፋው ውሃ ኩልል እስኪል። ባክቴሪያ አለው ተብሎ እርጥቡን በከረጢት የሚሸጠው ግን አይታጠብም። ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጡና ሳህኑ ላይ አፍስሱ።

ድፍርሱ የመጣው ከጨው በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጨው ላይ ውሃ ከፈሰሰ ካልሲየም ካርቦኔቱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ውሃ ላይ ነው ጨው የሚጨመረው፤ ያውም ከአኳሪየሙ ውጪ፣ በሌላ ዕቃ፣ ፓምፕ እያማሰለው። የአፍዴራ ጨው ደግሞ ለወጥ ነው። እዚህ የሚሆነው ካልሲየምና ማግኒዢየም ያለበት፣ ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀ ጨው ብቻ ነው።

«ድንጋዩ ይንሳፈፋል»

ከሐይቁ ዳር የለቀማችሁት ቀለል ያለ ግራጫ ድንጋይ ፑሚስ ነው፤ ብሎኬት የሚሠራበት። ውስጡ አየር ስለሞላው ይንሳፈፋል። ጥቁሩም ቀዩም ቢሆን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የባሕር አኳሪየም የሚፈልገው ከኮራልና ከዛጎል የመጣ፣ ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ ድንጋይና አሸዋ ነው፤ አራጎናይት የሚባለው።

መለያው ቀላል ነው። ደረቅ ድንጋይ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉና ጠጋ ብላችሁ እዩ። ትንንሽ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት አለው፤ ዝም ካለ የለውም። አረፋ ስላወጣ ብቻ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ብረት ወይም ሌላ ማዕድን ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁ የአገር ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁማር አልጫወትም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ደረቅ የአኳሪየም ድንጋይ በሻንጣ አስመጡ። ኪሎው አልበቃ ካለ አሸዋውን ተዉት። ባክቴሪያው በብዛት የሚኖረው ድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ስለሆነ ወለሉ ባዶ መስታወት ቢሆንም አኳሪየሙ ይሠራል።

«ክምሩ ተናደ»

ይህ ቀልድ የለውም፤ መስታወት ይሰብራል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ አሸዋው ቀድሞ ገብቶ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ተቀምጧል። ጎቢ የሚባል የሚቆፍር ዓሣ ወይም ፒስቶል ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ ቆፋሪ ፍጡር ከሥሩ አሸዋውን ያወጣል፣ ድንጋዩም ይንሸራተታል።

መፍትሄው አፍርሶ መሥራት ነው። ውሃውን ወደ ባልዲ ገልብጡ፣ አሸዋውን ወደ ጎን አድርጉ። ወለሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ አንጥፉ፤ የድንጋዩ ሹል መስታወቱን እንዳይጫን። ሰፋፊዎቹ ድንጋዮች ከታች፣ በሦስት ነጥብ ተደላድለው ይቀመጡ። አንዱን ከአንዱ በሱፐር ግሉ ጄልና በኤፖክሲ አያይዙ። ከዚያ የላይኛውን በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ ገና ነው፤ አዙሩና እንደገና ሞክሩ። ከጎን መስታወቱ ጋር ክፍተት ይኑር፤ እጅና መጥረጊያ የሚያስገባ። አሸዋ የሚገባው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በድንጋዩ ዙሪያ ነው።

አደራደሩን መጀመሪያ በደረቁ፣ በአኳሪየሙ ወለል ልክ በተቆረጠ ካርቶን ላይ ብትለማመዱ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል። ጠረጴዛውንም በውሃ ልክ እዩት። 200 ሊትር የጨው ውሃ ብቻውን ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

«ቡናማ አቧራ፣ ቀይ ዝልግልግ»

ቡናማው ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው። ከአለት የሚሟሟውን ሲሊካ የተባለ ማዕድን ይወዳል፤ የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ስለሚያልፍ ሲሊካ አያጣም። በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ማጣሪያ፣ ማለትም የሟሙ ማዕድናትን በሚያስቀረው፣ ያለፈ ውሃ ተጠቀሙና ታገሱ፤ ሳምንታት ሲያልፉ ይጠፋል። ቀዩ ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ ውሃ በማይዘዋወርበት፣ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ጀርባ ይወጣል። በቀጭን ጎማ ሳቡት፣ የፓምፑንም አፍ ወደዚያ አዙሩ። አሸዋው ከተበተነ የፓምፑን አፍ ትንሽ ቀና አድርጉት።

«ዓሣው በገባ በቀናት ውስጥ ሞተ»

ድንጋዩ ገና አልበሰለም። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ሳምንታት ይወስዳል። አሞኒያም ናይትራይትም በመለኪያ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይገባም።

«ላጽዳው» ብላችሁ ከባሕር የመጣ ድንጋይ ፈጽሞ እንዳትቀቅሉ። ላዩ ላይ ዞአንቲድ (የኮራል ዘመድ የሆነ የባሕር እንስሳ) ካለበት ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። በሌሎች አገሮች በዚህ ሰበብ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ዞአንቲድ ለሌለበት ድንጋይ ውሃና ብሩሽ ይበቃል።

«አሸዋው ጠቆረ፣ የተበላሸ እንቁላል ሸተተ»

አሸዋው ወፍሮ ወይም ቆሻሻ ይዞ ከሥር ኦክስጅን አጥቷል፤ ሽታው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ነው። ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል። የጠቆረውን በአንዴ አታማስሉት፤ መርዙ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሩ ትንሽ ትንሹን በጎማ ሳቡት።

መብራት ሲጠፋም የውሃው ዝውውር ስለሚቆም ዓሣውም የድንጋዩ ባክቴሪያም ኦክስጅን ያጥራቸዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ ግን ከመጀመሪያው ዓሣ በፊት ይገዛ።