ለዓመታት የቆመ የናፍጣ ሚኒባስን ዳግም ለመንገድ ማብቃት፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በየግቢው በሸራ ተሸፍነው ክረምትና በጋ የተፈራረቀባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ መለዋወጫ ይወደዳል፣ ወይም ቤተሰቡ «ለጊዜው ይቁም» ብሎ የተወው መኪና ሳይታሰብ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን አድኖ መጠቀም የብዙዎች ምርጫ ሆኗል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ በአጎቴ ግቢ ሦስት ክረምት ያሳለፈውን፣ በተለምዶ ዶልፊን የሚባለውን ባለ 3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሚኒባስ ወደ ሥራ መልሻለሁ፤ እዚህ የምጽፈውም በዋናነት ከዚያ ሥራ የተማርኩትን ነው።

ስህተቴን አስቀድሜ ልናገር። የመጀመሪያው ቀን ከጎረቤት ባትሪ ተውሼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ጥቂት ተንገራግጮ ተነሳ፣ ሁላችንም ደስ አለን፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን እየተንተፋተፈ ጠፋ። ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ዝቃጭ ተስቦ ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ፖምፓው ተፈትቶ መታደስ ግድ ሆነ። ሦስት ዓመት መቆሙ ያላደረሰበትን ጉዳት የእኔ ጥድፊያ በ15 ደቂቃ አደረሰበት። ስለዚህ ነዳጁ ሳይታይ፣ ዘይቱ ሳይለካና ፍሬኑ ሳይፈተሽ ማንም ቁልፉን አያዙር።

ዳሽቦርዱ አይበራም፣ ወይም ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብቻ ይላል

መንስኤው ባትሪው ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 የወረደው ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ ከ10.5 በታች ሆኖ የተገኘ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ ክፍሉ የሞተበት ነው። ባዶውን ለወራት የቆየ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ስለሚጋገርባቸው ቢሞላም ቶሎ ይወርዳል። በዝግታ መሙላት ይሻላል፤ ለ70 አምፒር ሰዓት ባትሪ 7 አምፒር ይበቃል። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን ተቀጣጣይ በመሆኑ አጠገቡ ሲጋራም ሆነ ክብሪት መኖር የለበትም። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ ይሆናል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልተገኘ ጥፋቱ ከዲናሞው ወይም ከቺንጊያው ነው።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ሞተሩን ማዞር ያቅተዋል

እርጥበት ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የፒስተኑን ቀለበቶች በዝገት ይዟቸው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሞተር በሌላ መኪና ጎትቶ ለማስነሳት መሞከር ከባድ ጥፋት ነው። የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ይንጠባጠብና አንድ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ከዚያም በፊት ለፊቱ ፑሊ ላይ ባለው ብሎን በቁልፍ በእጅ ይዙር። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ እክል ከዞረ ተስፋ አለው። ካንዴላዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ግን የፈሰሰው ዘይት እንዲወጣ ሞተሩ ክፍቱን መዞር አለበት።

ያልተያዘ ሞተርም ቢሆን ዘይቱ ወደታች ወርዶ ደርቋል። አሮጌው ዘይት ከነፊልትሮው ይቀየርና፣ ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ሽቦ ተነቅሎ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በየ10 ሰከንዱ እያረፉ በሞተሪኖ ማዞር ነው። የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው የታይሚንግ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከመነሳቱ በፊት ይቀየር፤ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ።

ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ይጠፋል

ይህ የናፍጣ መኪኖች ዋነኛ ችግር ነው። በግማሽ የተሞላ ታንክ ቀን ሲሞቅ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አየር ያስገባል፤ የአየሩ እርጥበትም በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ በሁለቱ መገናኛም ነዳጅ የሚመገቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይራባሉ። ከታንኩ ሥር የወረደውን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀብዬ ለአንድ ሰዓት ሳቆየው፣ ከላይ ወደ ቀይ ያደላ ናፍጣ፣ ከታች ደፍራሽ ውሃ፣ በመካከል ደግሞ እንደ ተልባ የሚያዳልጥ ጥቁር ነገር ተለይቶ ቆመ። ፖምፓውን የገደለው ያ ነው።

መፍትሔው ፊልትሮ በመቀየር ብቻ አያልቅም። ታንኩ ወርዶ፣ ውስጡ ታጥቦና ሙሉ በሙሉ ደርቆ መመለስ አለበት፤ መስመሮቹም በአየር ይነፉ። አሮጌውን ናፍጣ ከአዲስ ጋር ቀላቅሎ «ለመጨረስ» መሞከር ያንኑ ዝቃጭ ወደ አዲሱ ፊልትሮ መላክ ነው፤ ወደ ቦይ መድፋትም ወንዝ ማበላሸት ነውና በጀሪካን ተይዞ ያገለገለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ። ከዚያ አየሩ ይውጣ። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ጠንከር እስኪል ይጫን፤ ቀጥሎም ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ነት ላላ ተደርጎ፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ይጥበቅ። በሚዞርበት ጊዜ የሚወጣው ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት ስለሆነ እጅና ዓይን ከዚያ ይራቁ። መኪናው የቤንዚን ከሆነ ግማሽ ዓመት ያለፈው ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ተንኖ ስለሚያልቅ ጨርሶ ይወገድ።

ይነሳል፣ ግን ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ጉልበትም የለውም

የአየር ፊልትሮው ሳጥን ይከፈት። የእኛው ውስጥ አይጥ ከገለባ፣ ከፌስታልና ከወንበር ስፖንጅ ጎጆ ሠርታበት ነበር። ጓንትና ማስክ አድርጎ፣ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ማጽዳት ይገባል። አይጥ የገባበት መኪና ሽቦውም ተግጦ ሊሆን ስለሚችል ባትሪው ከመታሰሩ በፊት ከኮፈኑ ሥር ያለው ሽቦ ሁሉ በእጅ እየተዳሰሰ ይታይ።

ሙቀቱ ቶሎ ይጨምራል

ብዙ ሰው ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ሞልቶ ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተሩ ውስጥ በዚያ ሙቀት እንዳይፈላ የሚያግደው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው፤ የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊቱ ይጠፋል። ርካሽ ዕቃ ነውና ክዳኑ ይቀየር፣ የተሰነጠቁ ቱቦዎችም አብረው ይውጡ፣ ዝገት የሚከላከል ኩላንትም ይሞላ።

ማርሽ አይገባም

የፍሪሲዮኑ ዲስክ በዝገት ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ተጣብቋል። ሞተሩ በዜሮ ማርሽ በደንብ እስኪሞቅ ከሠራ በኋላ ፔዳሉን ረግጦ ጥቂት ማቆየት አንዳንዴ ያላቅቀዋል፤ እምቢ ካለ ካምብዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል። የፍሪሲዮን ዘይት መጉደሉም አስቀድሞ ይታይ።

አንድ ጎማ አይዞርም፣ ወይም የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ወይም ይደነድናል

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው እዚህ ነው። በእጅ ፍሬን የቆመ መኪና የኋላ የፍሬን ሸራዎቹ ከታምቡሩ ጋር ይጣበቃሉ። ጋዝ ሰጥቶ በጉልበት ማላቀቅ ሸራውን ከብረቱ ይገነጥለዋል፤ መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ በድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ታምቡሩ ዙሪያውን በመዶሻ በቀስታ እየተመታ ይውጣ። ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ ጎሚኖቹ (የፍሬን ዘይቱን የሚይዙት ጎማዎች) ደርቀው ዘይት ያፈስሳሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ደህና ቢመስልም ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ በምትኩ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኖቹ ሁሉ አብጠው ይበላሻሉ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ የሚደነድን ከሆነ ደግሞ በዚህ ሞተር ላይ ለፍሬኑ አጋዥ የሆነው የቫኪዩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ስለሆነ ቺንጊያውና ቱቦው ይፈተሹ።

ሲነዳ ይንቀጠቀጣል

አንድ ቦታ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ይተኛል። ትንሹ መተኛት ሲነዳ ይስተካከላል፤ ጎኑ የተሰነጠቀ ግን ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ይጣላል። ዕድሜው በጎኑ ባሉት አራት አሃዞች ይታወቃል፤ 3518 ማለት በአውሮፓውያን 2018 በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈውን ሰው አልጭንበትም።

ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ካለፈ ሁለቱም ሳይታደሱ ወደ ዋና መንገድ አይወጣም። የመጀመሪያው ሙከራ በግቢና በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሁን፤ ፍሬን ሳይበዛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ መቆምና እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው። በእኛ መኪና ሦስቱ ለብ ያሉ ሲሆኑ የኋላው ግራ እጅ አያስጠጋም ነበር። እንደገና ስንከፍተው ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልሰው ሞላ በዝገት ተበልቶ አገኘነው። በማግስቱ በአዲስ ተክተን ያንኑ መንገድ ስንሄድ አራቱም እኩል ለብ አሉ።